ባልጩት፣ ዋሻና ትክል ድንጋይ፦ የተማሪዎች የታሪክ ጉዞ በአዋሽ መስመር

የአገር ታሪክ የሚቀዳው በብራና ላይ ከሰፈረው ቃል ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ብራናውን የፋቀውን እጅ ይዘነጋል። ጽሑፍ ከመፈጠሩ እጅግ አስቀድሞ ድንጋይ ጠርቦ ሥጋ የቆረጠ፣ ቆዳ የፋቀ፣ በዋሻ ተጠልሎ ያደረ ሰው በዚህች ምድር ኖሯል። ስሙን የመዘገበለት ጸሐፊ የለም፤ ያለው ምስክር የእጁ ሥራ ነው። በየትምህርት ቤቱ በዓመት አንድ ጊዜ የሚዘጋጀው የታሪክ ጉብኝት ዋነኛ ጥቅምም ተማሪውን ከዚህ ስም የለሽ ሠራተኛ ጋር ፊት ለፊት ማገናኘቱ ነው።

ይሁን እንጂ ጉዞ ሁሉ ትምህርት አይሆንም። አውቶቡስ ተከራይቶ፣ እየዘፈኑ ደርሶ፣ በትክል ድንጋይ ሥር ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ከመሬት አንድ አንጸባራቂ ድንጋይ ኪስ ጨምሮ መመለስ የተለመደ ሆኗል። ከዚህ ዓይነቱ ጉዞ ተማሪው የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ ቦታው ግን የሚያጣው ብዙ ነው። ለምን ብዙ እንደሚያጣ ለመረዳት አንድ የታወቀ መስመር ይዞ መጓዝ ይበጃል። ይኸውም ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በቡታጅራ መንገድ፣ መልካ ቁንጡሬን፣ አዳዲ ማርያምንና ጢያን የሚያገናኘው መስመር ነው። ሦስቱም በአንድ ቀን ሊጎበኙ ይችላሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው የዘመን ርቀት ግን ሁለት ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ባላነሰ ከፍታ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳርና ዳር ይገኛል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት በመሆኑ፣ ስሙ ራሱ ስፍራው ሰውና ከብት የሚሻገሩበት መሆኑን ይመሰክራል። አዋሽና ገባሮቹ ምድሩን እየሸረሸሩ ሲወርዱ፣ በደለልና በእሳተ ገሞራ አመድ ተደራርቦ የተቀበረውን ጥንታዊ አፈር ገለጡት። እ.ኤ.አ. በ1963 ኼራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ጥናት ባለሙያ በዚህ ስፍራ በሰው እጅ የተጠረቡ ድንጋዮችን ተመለከተ። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን የመራው ቡድን ቁፋሮውን ለብዙ ዓመታት አካሄደ። ከ1999 ወዲህ ደግሞ በማርቼሎ ፒፔርኖ፣ ቀጥሎም በማርገሪታ ሙሲ የሚመራው የኢጣሊያ ቡድን ጥናቱን ቀጠለ። ጋርባ፣ ጎምቦሬና ስምቢሮ የሚባሉት የቁፋሮ ስፍራዎች ዛሬ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቁ ናቸው። በ2024 እ.ኤ.አ. መልካ ቁንጡሬና በአቅራቢያው የምትገኘው ባልጪት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

ተማሪው እዚህ ሲደርስ አስቀድሞ ሊመለከተው የሚገባው ገደሉን ነው። ገደሉ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነው፤ አንዱ ንጣፍ የወንዝ አሸዋ፣ ሌላው ጭቃ፣ ሌላው ደግሞ ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ሲወድቅ በውስጡ ያሉት ማዕድናት ፖታሲየም ይዘው ይቀዘቅዛሉ። ከፖታሲየሙ ጥቂቱ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ፣ የተጠራቀመውን አርጎን በመለካት እሳተ ገሞራው የፈነዳበትን ዘመን ማወቅ ይቻላል። በሁለት የአመድ ንጣፎች መካከል የተገኘ መሣሪያ ከታችኛው ንጣፍ በኋላ፣ ከላይኛው ንጣፍ በፊት የተጣለ መሆኑ በዚህ ይታወቃል። የመሣሪያው ዕድሜ እንግዲህ የሚነበበው ከተኛበት ቦታ ነው። ድንጋዩን ለብቻው ነጥለን ብንመረምረው የምናገኘው ዐለቱ ከምድር ሆድ የወጣበትን ዘመን እንጂ ሰው የጠረበበትን ዘመን አይደለም። ይህን አንድ ነጥብ የተረዳ ተማሪ ከጉዞው ግማሹን ትምህርት አግኝቷል።

ገደሉን ካዩ በኋላ ወደ ድንጋዩ መዝለቅ ይቻላል። ባልጩት ቅልጥ ዐለት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር፣ መስተዋት የሚመስል ጥቁር ድንጋይ ነው። ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኘው የባልጪት መንደር ስም ከድንጋዩ ስም ጋር መመሳሰሉን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ሳይነገረው ይሰማዋል። በዚያ አካባቢ ባልጩት ከመሬት በላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ ወንዞችም ቁራጮቹን እያንከባለሉ ወደ አዋሽ ያወርዷቸው ነበር። ባልጩት በትክክል ሲመታ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሳለ ስንጣሪ ይሰጣል። በስንጣሪው ላይ፣ ምቱ ባረፈበት አጠገብ፣ ትንሽ እብጠት ይኖራል፤ ከእብጠቱም ጠጠር የተጣለበት ኩሬ የሚያወጣውን ሞገድ የመሰሉ ቀለበቶች ይዘረጋሉ። በተፈጥሮ የተሰበረውን በሰው እጅ ከተሰበረው ለመለየት ሊቃውንት ከሚመለከቷቸው ምልክቶች ቀዳሚዎቹ እነዚህ ናቸው። ተማሪውም ድንጋዩን ሳያነሣ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ሊያያቸው ይችላል።

በስምቢሮ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው ንጣፍ ውስጥ ከ500 በላይ የባልጩት መሣሪያዎች በአንድነት ተከማችተው ተገኝተዋል። አብዛኞቹ በሁለት ወገን የተጠረቡ የእጅ መጥረቢያዎች ናቸው። ጥናቱን በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሊቃውንት ስፍራውን የመሣሪያ መሥሪያ ዎርክሾፕ ብለውታል። ባልጩት ለመጥረብ አስቸጋሪ ነው፤ ምቱ ጥቂት ከበረታ ይሰባበራል፣ እጅንም ይቆርጣል። መሣሪያዎቹ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ተደጋግመው መሠራታቸው ሠሪው ከመምታቱ በፊት የሚወጣውን ቅርጽ በአእምሮው ይዞ እንደነበር ያመለክታል። በመማሪያ ክፍል «የጋርዮሽ ዘመን» ብለን በአንድ ዐረፍተ ነገር የምናልፈው ዘመን እዚህ ቦታ ላይ እጅ፣ ዓይንና ዕቅድ ያለው የሥራ ዘመን ሆኖ ይታያል።

ሠሪዎቹ እነማን ነበሩ? በ1981 እ.ኤ.አ. በጋርባ የአንድ ሕፃን መንጋጋ ተገኝቶ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ በተደረገ ምርመራ መንጋጋው ሆሞ ኢሬክተስ የሚባለው ጥንታዊ የሰው ዘር አባል እንደነበረና ዕድሜውም ሁለት ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ በ2023 ተገልጿል። ይህ ሕፃን በሞቃቱ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሳይሆን በደጋ ላይ የኖረ ነው። ከዚህም የተነሣ ሰው ወደ ቀዝቃዛው ከፍተኛ ምድር የወጣው ምን ያህል ቀደም ብሎ እንደሆነ ለማወቅ ተችሏል።

በጎምቦሬ ደግሞ 700,000 ዓመት ዕድሜ ካለው አመድ ሥር የእግር ዱካዎች ተገኝተዋል። ዱካዎቹ የአዋቂዎችና የሕፃናት ናቸው፤ ከሕፃናቱም አንዳንዶቹ ገና ከሦስት ዓመት ያልበለጡ ነበሩ። በአጠገባቸው የጉማሬና የሌሎች እንስሳት ዱካ፣ የተጠረበ ድንጋይና ሥጋው የተገፈፈ የጉማሬ አጥንት አለ። ትልልቆቹ ድንጋይ እየጠረቡ ጉማሬውን ሲበልቱ ትንንሾቹ ከሥራው ቦታ አልራቁም ማለት ነው። ለመምህራን ይህ ልዩ ትርጉም አለው። ማስተማር ማለት ልጅን ሥራው ወዳለበት ቦታ ይዞ መሄድ ከሆነ፣ በአዋሽ ዳርቻ የዚህ ልማድ ዕድሜ ከ700,000 ዓመት አያንስም።

የድንጋይ መሣሪያ ዘመን በሙዚየም መስተዋት ውስጥ የተዘጋ አለመሆኑን ማወቅም ያሻል። በጉራጌ፣ በሃዲያ፣ በሲዳማ፣ በጋሞና በኮንሶ ቆዳ ፋቂዎች ባልጩትን ወይም ሌላ ጠንካራ ድንጋይ በእንጨት እጀታ ላይ አጣብቀው እስከ ቅርብ ዘመን ቆዳ ሲፍቁበት ኖረዋል። የአርኪዮሎጂ ሊቃውንትም ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነዚህን ባለሙያዎች ቀርበው፣ ድንጋዩ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚሳልና መቼ እንደሚጣል ከእነርሱ ተምረዋል። በኮንሶ ድንጋዩን የሚጠርቡትም ቆዳውን የሚፍቁትም ሴቶች መሆናቸው በጥናት ሲታወቅ፣ የጥንቱን መሣሪያ ሠሪ ሁልጊዜ ወንድ አድርጎ የመገመት ልማድ ተናግቷል።

ይሁንና እነዚህ ባለሙያዎች በኖሩበት ኅብረተሰብ ውስጥ የተሰጣቸው ስፍራ የተዋረደ ነበር። ፋቂ፣ ቀጥቃጭ፣ ጠይብ የሚሉት የሙያ ስሞች ወደ ስድብነት ተለውጠው፣ ባለሙያው ከሌላው ጋር በማዕድ እንዳይቀመጥ፣ በጋብቻ እንዳይዛመድ፣ በብዙ ቦታም መሬት እንዳይኖረው ተደርጓል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። አዋጁ ቢነገርም ንቀቱ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። በመልካ ቁንጡሬ የእጅ መጥረቢያውን «የሰው ልጅ የመጀመሪያ ጥበብ» ብሎ የሚያደንቅ ጎብኚ፣ ያንኑ ጥበብ እስከ ትናንት ጠብቆ ያቆየውን ቆዳ ፋቂ በመንደሩ ቢንቅ አድናቆቱ ምን ትርጉም ይኖረዋል? መምህሩ ይህን ጥያቄ በገደሉ ሥር ቆሞ ለተማሪዎቹ ቢያቀርብ፣ የሩቁ ዘመን ታሪክ ስለ ዛሬው ኑሮ መናገር ይጀምራል።

ከመልካ ቁንጡሬ ተነሥቶ ከዋናው መንገድ በስተ ምዕራብ ገባ ሲሉ አዳዲ ማርያም ትገኛለች። እዚህ ድንጋዩ መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ ቤት ሆኗል። ቤተ ክርስቲያኗ ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍላ የወጣች ስትሆን፣ ጣሪያዋ ከአካባቢው መሬት እምብዛም ከፍ አይልም፤ ዙሪያዋን ጥልቅ ቦይ ይከብባታል። ትውፊት ሥራዋን በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ለነገሠው ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣል። በደቡብ አቅጣጫ ከሚታወቁት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ርቃ የምትገኝ እንደሆነችም ይነገርላታል። አገልግሎቷም ያልተቋረጠ በመሆኑ ተማሪው የሚገባው ሰዎች ዛሬም ወደሚጸልዩበት ቤት ነው፤ ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መግባት ይጠበቅበታል።

በዚህ ቤት ፊት ተማሪው ሊያስበው የሚገባ አንድ የሙያ ነገር አለ። ግንበኛ ያልተስማማውን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ይተካል፤ ዐለት ፈልፋይ ግን የቆረጠውን መመለስ አይችልም። ሥራው ከላይ ወደ ታች በመሆኑ ጣሪያው ሲጀመር የወለሉ ልክ መታወቅ አለበት፤ ዓምዱ ከመውጣቱ በፊት የሚቆምበት ስፍራ ሳይነካ መቆየት አለበት። ስምቢሮ ላይ በእጅ መዳፍ ልክ የታየው ዕቅድ እዚህ በቤት ልክ ይታያል። ትውፊት የንጉሡን ስም አቆይቶልናል፤ መሮ የጨበጡትን ሰዎች ስም ግን አላቆየልንም። የእነርሱ ፊርማ በግድግዳው ላይ የቀረው የመሮ ምት ነው።

መስመሩን ይዘው ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ በሶዶ ምድር ጢያ ይደረሳል። በጢያ 36 ትክል ድንጋዮች ሲኖሩ፣ ከእነዚህ 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። ጎልቶ የሚታየው ምልክት ሰይፍ ሲሆን፣ ክብ ቅርጾችና ሌሎችም እስካሁን በእርግጠኝነት ያልተፈቱ ምልክቶች ይገኙበታል። በሶዶ አካባቢ ከተቆጠሩት 160 ያህል የዚህ ዓይነት ስፍራዎች ጢያ ዋነኛው ሲሆን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

የአካባቢው ሰዎች ድንጋዮቹን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ጋር አያይዘው «የግራኝ ድንጋይ» ይሏቸው ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው አባ አዛይስና ባልደረባቸው ሮዤ ሻምባር የአገሪቱን የደቡብ ትክል ድንጋዮች ሲመዘግቡ ይህንኑ ትውፊት ሰምተዋል። በ1980ዎቹ በሮዤ ዡሶም መሪነት በጢያ በተደረገው ቁፋሮ ግን ትክል ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክቶች መሆናቸው ታወቀ። ከሥራቸው እንደ ፅንስ ተጣጥፈው የተቀበሩ፣ አብዛኞቹም ከ18 እስከ 30 ዓመት ዕድሜ የነበራቸው ወጣቶች አፅም ተገኘ። ዘመናቸውም ከ11ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑ ተገመተ። ይህም ከአሕመድ ኢብራሂም ዘመቻ ቢያንስ 200 ዓመት የሚቀድም ነው።

መምህሩ ይህን ሲያስረዳ ትውፊቱን እንደ ስሕተት ወርውሮ እንዳይጥለው መጠንቀቅ አለበት። ሕዝቡ የድንጋዮቹን እውነተኛ ዘመን ባያውቅም፣ ሰይፉን አይቶ የጦረኞች መታሰቢያ መሆኑን ጠርጥሯል፤ ለማያውቃቸው ሙታንም ከሚያውቀው ታላቅ ጦርነት ስም ሰጥቷቸዋል። ትውፊት ሰዎች ያለፈውን እንዴት እንዳሰቡት ይነግረናል፤ ቁፋሮ ደግሞ ምን እንደተደረገ ይነግረናል። የታሪክ ተማሪ ሁለቱንም መስማትና ለየብቻቸው መመዘን ይማራል። እነዚያ ወጣቶች በጦርነት ይሁን በሌላ ምክንያት መሞታቸውን ለማወቅ የሚቻለውም አፅሙ፣ ድንጋዩና አፈሩ በአንድነት ከቆዩ ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ርቆ የሚያስተምር መምህር ይህ መስመር የማይደረስ ቢሆንበት በአካባቢው የሚገኘውን ዋሻ ሊያስብ ይገባል። ዋሻ በአገራችን የቤት፣ የገዳም፣ የመሸሸጊያና የሥዕል ስፍራ ሆኖ ኖሯል። ለአብነት ያህል በድሬዳዋ አጠገብ፣ በፈረንሳይኛ የጃርት ስም የተሰጠው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። በ1929 እ.ኤ.አ. ቴያር ደ ሻርደንና አንሪ ደ ሞንፍሬ አገኙት፤ በ1933 ከዚያም በ1970ዎቹ ተቆፈረ። ከዋሻው የወጡት የቀይ አፈር ቁርጥራጮች ተቆጥረው 4,213 ሆነዋል፤ ክብደታቸውም 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ከ40,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ይህን አፈር እየፈጩ ቀለም ያደርጉት እንደነበር ከመፍጫ ድንጋዮቹ ታውቋል። በዚያው በድሬዳዋ አካባቢ በለገ ኦዳ የዐለት ጥላ ሥር፣ ከዚህ እጅግ ዘግይተው የተሣሉ የከብት፣ የዱር አራዊትና የሰው ምስሎች በብዛት ይታያሉ። ሠዓሊዎቻችን ቀለም በቆርቆሮ ገዝተው ሲጠቀሙ፣ የሙያቸው አንደኛው ጥንታዊ የቀለም ቤት በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተራራ ላይ እንደነበረ ቢያስታውሱ መልካም ነው።

በዋሻ ውስጥ የሚደርሰው ጥፋት ከሜዳው የከፋ ነው። በሥዕሉ ላይ ስምን በከሰል መጻፍ፣ ምስሉ ደምቆ እንዲታይ ውሃ መርጨት ወይም ዙሪያውን በጠመኔ መክበብ፣ በውስጡ እሳት ማንደድ፣ ወለሉን ለጨዋታ መጫር፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሺህ ዓመታትን ሥራ ያበላሻሉ። የተማሪ እጅ ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም። ቦታውን እንደ ባዶ ቦታ የሚያየው፣ በክፍል ውስጥ ታሪክ ማለት ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ ሆኖ ስለተነገረው ነው። ግድግዳው ላይ ስሙን የሚጽፈው ተማሪ የታሪክ መጽሐፉን ልማድ ይከተላል፤ ስም የሌለው ሥራ በመጽሐፉ ውስጥ ዋጋ ሲሰጠው አላየምና።

ሕጉም ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያው ለሚመለከተው አካል እንዲያስታውቅ ያዛል። ነገር ግን ሕግ ብቻውን በየገደሉ ዘብ ሊቆም አይችልም። ዘቡ የሰለጠነ ዓይን ያለው ተማሪና በአካባቢው የሚኖረው ገበሬ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለጉዞ አዘጋጆች ጥቂት ተግባራዊ ነገሮችን መጠቆም ይቻላል። አንደኛ፣ ጉዞው በክፍል ይጀመር፤ ተማሪው ስለ አመድ ንጣፍ፣ ስለ ባልጩት አሰባበር፣ ስለ ውቅር ሕንፃ አሠራር አስቀድሞ ሰምቶ ይሂድ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ እርሳስና ደብተር ይያዝ። ፎቶግራፍ በአንድ ቅጽበት ይነሣል፤ የጢያን አንድ ድንጋይ በእጁ የሚሥል ተማሪ ግን ሰይፎቹን ለመቁጠር፣ አቅጣጫቸውን ለመለየት፣ የቀራጩን እጅ ለመከተል ይገደዳል። እዚህ ላይ የሥዕል መምህሩ ከታሪክ መምህሩ ጎን ቢጓዝ ጥቅሙ ብዙ ነው። ሦስተኛ፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ ካህናትና ጠባቂዎች ይደመጡ፤ የሚናገሩትም በስማቸውና በፈቃዳቸው ይመዝገብ። አራተኛ፣ በየአካባቢው ያሉ ቆዳ ፋቂዎች፣ ሸክላ ሠሪዎችና አንጥረኞች ሥራቸውን ለተማሪዎች እንዲያሳዩ በክብር ይጋበዙ፤ ለድካማቸውም ተገቢው ይከፈላቸው። አምስተኛና ዋነኛው፣ ከስፍራው አንዳች ነገር አይነሣ።

በብዙ ትምህርት ቤቶች ቁም ሣጥን ውስጥ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳነሣው፣ ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ የማይታወቅ ድንጋይ አቧራ ለብሶ ይገኛል። ያመጡት ሰዎች ለትምህርት አስበው እንደሆነ አይካድም። ነገር ግን ያ ድንጋይ በገደሉ ውስጥ ሳለ ስለ አንድ ዘመን፣ ስለ አንድ ወንዝ ዳርቻ፣ ስለ አንድ ሠራተኛ ምርጫ መናገር ይችል ነበር፤ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ግን ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። በምትኩ በተማሪዎች እጅ የተሠሩ ሥዕሎች፣ ካርታዎችና የሽማግሌዎች ቃል የተመዘገበባቸው ደብተሮች የሚታዩበት ኤግዚቢሽን በየትምህርት ቤቱ ቢዘጋጅ፣ ቦታው ሳይጎድል ዕውቀቱ ይበዛል።

የባህል ሠራተኛውም፣ መምህሩም፣ የኪነ ጥበብ ሰውም በዚህ ረገድ አንድ ኃላፊነት ይጋራሉ። መልካ ቁንጡሬ ላይ ገና ያልተቆፈረው ምድር ከተቆፈረው እጅግ ይሰፋል፤ በሶዶም ገና ያልተጠኑ ትክል ድንጋዮች አሉ። እነዚህን የሚያነቡት ዛሬ በአውቶቡስ የሚጓዙት ልጆች፣ ምናልባትም የእነርሱ ልጆች ይሆናሉ። የዛሬው ተማሪ ደብተሩን ሞልቶ፣ እጁን ባዶ አድርጎ ከተመለሰ፣ ለነገው ተመራማሪ የሚነበብ ነገር ይቆይለታል።